ምርጡ ተጫዋቻችን እግር ይሰብራል፤ ለገና አበጋዝ እናድርገው ወይስ እናስቀረው?

የደንበጫው ልጅ

ሰላም ጎበዝ፣ እንዴት ከረማችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ረዘም ቢልባችሁም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከደንበጫ ወጣ ብላ ካለች የገጠር ቀበሌ ነኝ። ዘንድሮ የላይኛውና የታችኛው ጎጥ ልጆች ለገና ልንጋጠም ተነጋግረናል። ታኅሣሥ 29፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው መስክ ላይ። የላይኛውን ቡድን አንተ አደራጅ ብለው ለእኔ ሰጡኝ። እንደ ድሮው መንደሩ ሁሉ ዱላ ይዞ አይተምም፤ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆነን ነው የምንገባው። ስለዚህ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር፣ አበጋዙስ፣ የቡድኑ መሪ ማለቴ ነው፣ ማን ይሁን የሚለው ሁሉ እኔ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ጭንቀቴ አንድ ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም። በኛ አካባቢ እንደሱ ሩር፣ የገናን ኳስ፣ የሚመታ የለም። ገናውን ራሱ ከወይራ ቆርጦ፣ በእሳት ለብልቦ፣ ቆልምሞ ነው የሠራው። ከመሀል ሜዳ አንዴ ካገኛት ሩሯ ታችኞቹ ዳር ሳትደርስ አትቆምም። ሩጫውም አለው፣ ትንፋሹም አለው። ግን እግር ይመታል።

በስህተት እንዳይመስላችሁ። አምና እኔ ከኋላው ሦስት እርምጃ ላይ ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሩሯ አልፋ ሄዳለች። ሁሉም ሰው ፊቱን ወደሷ አዙሯል። እሱ ግን ገናውን እንደገና አነሣና የታችኛውን ጎጥ ልጅ ቅልጥሙ ላይ አሳረፈበት። ድምፁ የደረቀ እንጨት ሲሰበር ያለ ነው። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ልጁ አልጮኸም። ቁጭ አለና እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ዝም አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ሰሞን ውቂያ ላይ ነበርን። ለቤታቸው የደረሰ ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው፤ ጤፋቸውን ጎረቤት በደቦ ወቃላቸው።

ዳኛው አላየም። እኛ ስንጠየቅ አላየንም አልን። እኔም አላየሁም ብያለሁ፤ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይሄ ነው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አሉና ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

አሁን ከልጆቹ ግማሹ አበጋዝ እሱ ይሁን ይላል፤ ስለሚፈራ ይከበርልናል ነው ነገሩ። ግማሹ ጭራሽ ሜዳ አይርገጥ ይላል። ታችኞቹ ደግሞ «እሱ ከገባ እኛም እናውቅበታለን» ብለው ልከውብናል። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?


ጎዛምን

ወንድሜ፣ በግልጽ ልንገርህ። ይግባ። አበጋዝም ይሁን።

ምክንያቴን ስማኝ። የሚፈራ ሰው ያለው ቡድን አይነካም። ታችኞቹ «እናውቅበታለን» ካሉ ቀድሞውንም ዱላ ሊያነሡ ወስነዋል ማለት ነው። እሱን አስቀርተህ አሥራ ሁለት ጨዋ ልጆች ብታስገባ ያንተ ልጆች እግር ነው የሚሰበረው። እሱ መሀል ላይ ቆሞ ሲያዩት ግን ሁለቴ ያስባሉ። ከሠላሳ ጊዜ በላይ ተጫውቻለሁ፤ በጣም የተጎዳንበት ዓመት መመከቻ የሚሆን ጎልማሳ ያጣንበት ዓመት ነው።

ደግሞ ገና ገና ነው። እጅ በማይነካበት፣ ሃያ ምናምን ሰው በዱላ በሚተራመስበት ጨዋታ ቅልጥም ሳይነካ አይዋልም። ሁላችንም አውቀን ነው የምንገባው። አምና የሆነው አሳዛኝ ነው፣ አልክድም። ግን አንድ ልጅ አጠፋ ተብሎ ምርጥ ተጫዋችን ከዳር ማስቀመጥ ቡድኑን መግደል ነው።


ሞጣ በኤድመንተን

ጎዛምን ወንድሜ፣ ይቺን ያልካትን ነገር እዚህ ካናዳ በእንግሊዝኛ ስሰማት ነው የኖርኩት። «የሚፈራ ሰው ያለው ቡድን አይነካም።» አይስ ሆኪ የሚያዩ ሰዎች ቃል በቃል እንዲህ ነው የሚሉት።

ኤድመንተን ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የመጣሁ ሰሞን ሥራ ቦታ የምሳ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ ሆኪ ሲያሳዩ ደረስኩ። ቆልማማ ዱላ፣ የምትገፋ ትንሽ ነገር፣ ከሁለት ወገን የሚተራመስ ጎረምሳ። «እንዴ! ይሄ ገና አይደለም እንዴ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ሰዎቹ ዞረው አዩኝ። ልዩነቱ በረዶ ላይ መሆኑና ሩሯ ጠፍጣፋ የጎማ ክብ መሆኗ ነው። ከየወገኑ አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ሦስት ጊዜ። በትከሻና በገላ መግጨት በሕጉ ተፈቅዷል። ስለዚህ ጨዋታው የት ላይ አልቆ ጥቃቱ የት ላይ ይጀምራል በሚለው ሲከራከሩ ነው የሚከርሙት። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተላቀቅኩትም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ወሩንና ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በየካቲት 2004 ስቲቭ ሙር የሚባል የኮሎራዶ ተጫዋች የቫንኩቨሩን ካፒቴን ማርከስ ናስሉንድን ገጭቶ ጣለው። ካፒቴኑ ጭንቅላቱ ተናግቶ ጥቂት ጨዋታ አለፈው። ዳኛው ምንም አልቀጣም፣ ሊጉም ምንም አልቀጣም። የቫንኩቨር ልጆች ደግሞ አልረሱትም። መጋቢት 8 ሁለቱ ቡድኖች ቫንኩቨር ላይ ሲገናኙ ሙር መጀመሪያ ላይ ከአንዱ ጋር ተደባደበ፤ በነሱ ልማድ ዕዳው በዚያ ይዘጋል። አልተዘጋም። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ቶድ ቤርቱዚ የሚባለው ከኋላ ከኋላው ተከተለው፣ ማልያውን ያዘው፣ ከጀርባው በቡጢ መታውና ላዩ ላይ ወደቀበት። የሙር የአንገት አጥንቶች ተሰበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ቤርቱዚ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ አለ። የካሳው ክስ ደግሞ እስከ 2014 ድረስ ተጎትቶ በስምምነት አለቀ። ለአንዲት ማታ ምት አሥር ዓመት።

ጎጃም ውስጥ ይሄን ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ። ደም መመለስ ነው። የተጀመረው ደግሞ ቤርቱዚ የመታ ዕለት አይደለም። የመጀመሪያው ምት «አላየንም» የተባለ ዕለት ነው። የደንበጫው ልጅ፣ ያንተን ጽሑፍ ሳነብ ልቤን የነካኝ እዚህ ላይ ነው።

ዱላን በተመለከተም አለ። በዚያው ቫንኩቨር ከተማ፣ በየካቲት 2000፣ የቦስተኑ ማርቲ ማክሶርሊ ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ ዶናልድ ብራሺርን በዱላው ጭንቅላቱ ላይ መታው። ብራሺር በጀርባው ወድቆ ራሱን ከበረዶው ጋር አጋጨ። ማክሶርሊን ሊጉ ለአንድ ዓመት አገደው። ፍርድ ቤት ደግሞ በመሣሪያ ጥቃት አድርሰሃል ብሎ ጥፋተኛ አለው። ልብ በሉ፣ የመጫወቻው ዱላ እንደ መሣሪያ ተቆጠረ። ዳግም በዚያ ሊግ አልተጫወተም። እና ይሄ ሰው ማን መሰላችሁ? ሥራው ኮከቦችን መጠበቅ የነበረ፣ ሰው እንዳይነካቸው የሚፈራ ጎልማሳ ነበር። እዚሁ ኤድመንተን ውስጥ የታላቁ ዌይን ግሬትስኪ ጠባቂ የነበረ ሰው ነው።

ስለ አበጋዝነት ግን እውነቱን ሳልሸሽግ ልናገር፤ ኃይለኛ ካፒቴን አሸንፎ ያውቃል። የኒው ጀርሲው ካፒቴን ስኮት ስቲቨንስ በ2000 በግማሽ ፍጻሜው የመጨረሻ ጨዋታ ኤሪክ ሊንድሮስን በትከሻው ጭንቅላቱ ላይ ገጭቶ በረዶው ላይ ዘረጋው። በዚያን ጊዜ ሕግ ቅጣት አልነበረውም። ዋንጫውንም ወሰዱ። ሊንድሮስ ራሱ ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት የክለቡን የሕክምና ሰዎች ስለወቀሰ ካፒቴንነቱን ተቀምቶ ነበር። ያንን ምት ዛሬም ሰው ይከራከርበታል። ዛሬ ቢሆን ግን ይታገድበት ነበር። ሕጉ በ2010 ተለውጧል፤ ጭንቅላትን ዒላማ አድርጎ መግጨት ክልክል ነው።

የኛ ከተማ ቡድን ካፒቴን ኮነር ማክዴቪድ ሲሾም 19 ዓመቱ ነበር፤ በ2016። ማንም አይፈራውም። ሲጫወት ግን ሌላው ሁሉ ከሱ ጋር እኩል ለመሮጥ ይሞክራል። እኔ አበጋዝ ብመርጥ እንደዚያ ያለ ልጅ ነው የምፈልገው።


ሲስተር ከፍኖተ ሰላም

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አበጋዝ አላውቅም። ስለ ቅልጥም ግን አውቃለሁ፤ ነርስ ነኝ፣ ጥርና ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚመጣልን በየዓመቱ አያለሁ።

ቅልጥማችሁን በጣታችሁ ዳስሱት። ከፊት ለፊቱ ሥጋ የለውም። ቆዳና አጥንት ነው። ስለዚህ በዱላ ሲሰበር አጥንቱ ቆዳውን በስቶ መውጣቱ ቀላል ነው። ያኔ መስክ ላይ ያለው አፈርና ፍግ ሁሉ አጥንቱ ድረስ ይገባል። እንዲህ ያለ ቁስል በጨርቅ ታስሮ እቤት አይታደርም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያና የቁስል መድኃኒት ይፈልጋል።

ወጌሻ አትሂዱ አልልም፣ ብልም እንደምትሄዱ አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን ለምኜ ልንገራችሁ። እጅግ አጥብቆ ማሰር እግር ያስቆርጣል። አንድ ጎረምሳ በታሰረ በአራተኛው ቀን አምጥተውት ነበር። ጣቶቹ ጠቁረው፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘው። «ሕመሙ ቀርቶልኛል» ይላል፤ ደስ ብሎት። የቀረለት እግሩ ስለሞተ ነበር። እኔ ያን ፊት አልረሳውም። ስለዚህ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹን በየሰዓቱ ነካ ነካ አድርጉ። ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ቀለማቸው ከተለወጠ ወይም ሕመሙ ከእስሩ በኋላ ከባሰ፣ ማታም ቢሆን ፍቱትና ይዛችሁት ኑ።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ደግሞ ራሱን ባይስትም እንኳ የዚያን ቀን ተመልሶ አይግባ። ካስመለሰው፣ ነገር ከደጋገመ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው አታስተኙት፣ አምጡት።

የእግር ኳስ ልጆች ካልሲ ውስጥ የሚያስገቡት የቅልጥም መከላከያ አለ። ውድ አይደለም፤ ሃያ አራት ጥንድ አዋጥታችሁ ግዙ። ካጣችሁም ወፍራም ካርቶን በጨርቅ ጠቅልሉ፤ ከባዶ እግር ይሻላል።


የደንበጫው ልጅ

ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ። የአምናው ልጅ ቆዳው አልተበሳም ነበር፣ ዕድሉ ሆኖ። አሁን ይራመዳል፣ ዳገት ላይ ግን ትንሽ ያነክሳል።

የሞጣው፣ አንድ ልጠይቅህ። እንዲህ ያለ ሰው ይለወጣል? እዚያ የተለወጠ አይተሃል? እኔ ልጁን አልጠላውም። አብሮ አደጌ ነው። አባቱ ሲሞቱ አብረን ነው ያለቀስነው።


ሞጣ በኤድመንተን

አይቻለሁ። ግማሽ በግማሽ።

ማት ኩክ የሚባል የፒትስበርግ ተጫዋች ነበር። በመጋቢት 2010 የቦስተኑን ማርክ ሳቫርድን ባላየው በኩል መጥቶ ጭንቅላቱን ገጨው። አልታገደም፤ ሕግ አልነበረማ። ያ የጭንቅላት ሕግ የወጣው በዋናነት ከዚህ በኋላ ነው። ሳቫርድ ተመልሶ ጥቂት ቢሞክርም በዓመቱ ሌላ ጊዜ ተመትቶ ጨዋታ አቆመ። ኩክ በሚቀጥለው ዓመትም አንዱን በክርኑ መታ። ያኔ ከመደበኛው ውድድር የቀሩትን አሥር ጨዋታዎችና የጥሎ ማለፉን የመጀመሪያ ዙር በሙሉ አገዱት። ትልቁ ነገር ግን ቅጣቱ አይደለም። የራሱ ክለብ ኃላፊዎች በአደባባይ ቅጣቱ ተገቢ ነው አሉ። አልተከላከሉለትም። በቃ፣ የሚሸሽበት ጥግ አጣ።

ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ሰው ሆነ። በቀደመው ዓመት 129 ደቂቃ ቅጣት የነበረው ሰውዬ ወደ 44 ወረደ። ጎልም በሕይወቱ ከየትኛውም ዓመት የበለጠ ያገባው ያኔ ነው፣ 19። ልብ አድርጉ፤ ጥፋቱን ሲተው ጨዋታው አልቀነሰም፣ ጨመረ እንጂ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በሌላ ክለብ ሆኖ፣ ውድድሩ ሲጠነክር፣ አንዱን ጉልበቱ ላይ ገጭቶ እንደገና ሰባት ጨዋታ ታገደ። ስለዚህ ይለወጣል እልሃለሁ፤ ግን ዓይንህን ከሱ ላይ አትንቀል።


ቢቸና የድሮ አበጋዝ

ልጆቼ እንዴት ናችሁ። ጽሑፉን የልጅ ልጄ አነበበልኝ፣ እኔ እናገራለሁ እሱ ይጽፋል።

ስለ ምሳሌው ልጀምር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው አጥንት ስበሩ ለማለት አይደለም። በዱሮ ጊዜ ጌታና ሎሌ፣ ባለርስትና ጭሰኛ በአንድ ሜዳ ላይ የሚጋፉት በገና ዕለት ብቻ ነበር። ሎሌው ጌታውን ገፍቶ ሩሩን ቢወስድበት ጌታው በማግስቱ ቂም ይዞ እንዳይበድለው ነው ቃሉ የተነገረው። ትልቁን ሰው ልኩን የሚያሳውቅ ቃል ነው። ደካማውን የሚጠብቅ ነው። እናንተ ገልብጣችሁ የተሰበረውን ልጅ ዝም ለማሰኘት አዋላችሁት። ያ ሽማግሌ ያን ቃል በዚያ ቦታ ባይናገሩ ይሻል ነበር።

አሁን ስለ አበጋዝ። እኛ ስንጫወት ቡድን የሚከፈለው በምርጫ ነበር። በጉልበት እኩያ የሆኑ ሁለት ሁለት እየሆኑ ከዳር ይሄዱና ስም ያወጣሉ። አንዱ ነብር፣ አንዱ አንበሳ። መጥተው «ነብር ያለህ አንበሳ?» ይላሉ። አበጋዙ ማን ማን እንደሆነ ሳያውቅ ይመርጣል። ስለዚህ ወንድምህ ወዲያ ማዶ ይሆናል፣ የተጣላኸው ሰው ከጎንህ ይቆማል። ማንም ጉልበተኛን ለይቶ ለራሱ አይሰበስብም። የአበጋዝ ሥራም የሚመታ ሰው መሆን አልነበረም። ያጠፋውን የራሱን ሰው ማስቆም ነበር። የሌላውንማ ሁሉም ያየዋል።

እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። የእኅቴ ልጅ ነበር፣ ክንዱ እንደ ሞፈር። አንድ ሰው ክርኑ ላይ መታ፤ አውቆ ነው፣ አየሁት። ሩሩን በገናዬ አቆምኩና ጨዋታውን አስቆምኩ። ሄድኩና ገናውን ከእጁ ወሰድኩት። በጋቢዬ ውስጥ ከተትኩት። «ና እዚህ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥ» አልኩት። አንድ ሰው ጎድሎን ተጫወትን። ተሸነፍን። የታችኞቹ ልጆች እስኪመሽ ድረስ በግጥም ሰደቡን። እኅቴ እስከ ጥምቀት ቤቴ አልመጣችም። ግን ያ የተመታው ሰው ለልጄ ሠርግ ድንኳን የተከለልኝ ነው።

የደንበጫው ልጄ፣ አንተን አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። እናንተ የምትከራከሩት ስለ ዘንድሮ ነው። አምና እግሩ የተሰበረው ልጅ ቤት ሄዳችኋል?


የደንበጫው ልጅ

አያ፣ አልሄድንም።

እውነቱን ልናገር፤ ማንም አልሄደም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። እናቱ ግን ፊቷን ታዞርብኛለች። ምክንያቱን አውቃለሁ።


ጎዛምን

አያ፣ እርስዎ ያሉት ገብቶኛል። ስለ ምሳሌው ያሉትን አላውቅም ነበር፣ እኔም ስጠቀምበት የኖርኩት በተሳሳተው መንገድ ነው። መሄዱንም እስማማለሁ፣ መጀመሪያ እርቁ ነው።

በአንድ ነገር ግን አልለቅም። ልጁን ጭራሽ ማስቀረት አደጋ አለው። አስቡት። ከሜዳ ውጭ ያደረጋችሁት ሰው እቤቱ ተኝቶ አይውልም። ጠላውን ጠጥቶ ዳር ላይ ይቆማል፣ ዱላውን ይዞ። ጨዋታው ሲጋል ይገባል። ያኔ ሕግ የለም፣ ዳኛ የለም። ሜዳ ውስጥ ካለ ግን ቢያንስ የሚያዘው አለ።

እኔ የምለው ሕጉን አጥብቁ ነው። ገና ከወገብ በላይ አይነሣ። ሩሯ በሌለችበት ዱላ ያነሣ ይውጣ፣ ቦታውም አይተካ። የባህል ስፖርት ፌዴሬሽኑም ለገና የተጻፈ ሕግ አለው፤ በየዓመቱ ክልሎቹ የሚወዳደሩት በዱሮው ልማድ ሳይሆን በሱ ነው። ስለዚህ ሕግ ማውጣት ገናን ማሳነስ አይደለም። አበጋዝነቱን ግን እኔም ትቻለሁ። አይሁን።


ሞጣ በኤድመንተን

ጎዛምን፣ አሁን ሆኪ ተናገርክ። እዚህም ያጠፋ ተጫዋች ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ቀላል ጥፋት ሁለት ደቂቃ፣ ከባዱ አምስት። ቡድኑ በዚያን ጊዜ በጎደሎ ይጫወታል። ጥፋቱ የአንዱ፣ ድካሙ የሁሉም። በዚህ የተነሣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው «ተው» ይባባላሉ። ዳኛ የማይደርስበት ቦታ ጓደኛ ይደርሳል።

ሁለት ዳኛ አድርጉ፤ አንዱ ሩሯን ይከተል፣ አንዱ ደግሞ ሩሯ ያለፈችበትን ይይ። አምና ያመለጣችሁ እሱ ነው።


የደንበጫው ልጅ

ትናንት ማታ አናገርኩት። ለእናንተ ልነግራችሁ ነው የተመለስኩት።

እቤታቸው በር ላይ ተቀምጦ ሞፈር ይጠርባል። እኔ ዝም ብዬ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆየሁ። ከዚያ «አምና አይቼሃለሁ» አልኩት። መጥረቢያውን አላስቀመጠም። ትንሽ ጠረበ። «አውቃለሁ እንዳየኸኝ» አለኝ። «አላየሁም ስትል ሰምቼሃለሁ፤ ያን ጊዜ ብትናገር ይሻለኝ ነበር» አለ። ይሄን አልጠበቅኩም ነበር። ዓመቱን ሙሉ እኔ ለሱ ያደረግኩለት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ «ዳገት ላይ ያነክሳል አሉ፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ሌላ አልተናገረም። ስነሣ ግን ተከትሎኝ እስከ አጥሩ መጣና «ስትሄዱ ንገሩኝ» አለኝ።

አበጋዝ ሌላ ልጅ አድርገናል። አጭር፣ ዝም ያለ፣ ሲሮጥ የማይያዝ። ሁሉም ተስማማ፤ አንድ ሁለቱ አጉረመረሙ እንጂ። እሱ ይግባ አይግባ የሚለውን ግን አልወሰንኩም። ከተጎዳው ልጅ ቤት ከተመለስን በኋላ እወስናለሁ፤ እነሱ «ይግባ» ካሉ ብቻ ነው የማስገባው። ጎዛምን ስለ ዳሩ ያልከውን አስቤበታለሁ። ካልገባ ከሁለቱ ዳኞች ጋር ሆኖ ሩር እንዲያቀብል እጠይቀዋለሁ፣ ያለ ዱላ።

የቅልጥም መከላከያውን አሥር ጥንድ አግኝተናል፤ ሌላውን በካርቶን እንሠራለን ሲስተር። የጨዋታው ዕለት ማንን መጥራት እንዳለብን በውስጥ መልእክት ንገሪኝ።

አያ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ልንሄድ ነው። ስድስት ሆነን። ባዶ እጅ አይኬድም፣ ጾም ነውና በግ አይታረድ። በእናንተ በኩል ምን ይዞ ይኬዳል?


ቢቸና የድሮ አበጋዝ

ስድስት አትብዙ፣ ሦስት ሁኑ። አንዱ ሽማግሌ ይሁን፣ አንዱ አንተ፣ አንዱ እሱ። ሲገቡ እሱ አይቅደም፣ መጨረሻ ይግባ። እናትየዋ ካላናገረችው ዝም ይበል።

እህል አትውሰዱ፤ ገንዘብም አሁን አታውጡ፣ ካሳውን ሽማግሌው ከነሱ ሽማግሌ ጋር ይነጋገርበታል። ጤፋቸው ዘንድሮ ተወቅቷል? ካልተወቃ ቀን ጠይቁና አሥራ ሁለታችሁም ሄዳችሁ ውቁላቸው። እሱ በሬ ይንዳ።

ስትሄዱ ደግሞ ማናችሁም ዱላ አትያዙ። ዱላችሁን ከቤት አስቀምጡ፤ እሱም፣ አንተም፣ ሽማግሌውም።